ከከተማው ዳር ሆኖ ከቤት መሥራት፦ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ኔትወርኩ

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮየ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ሰው ከቤት መሥራት ትልቅ እፎይታ ነው። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ የለም። ማታ ዝናብ እየመታው አውቶብስ የሚጠብቅ የለም። ግን ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው ያሟላልን የነበረው ነገር ሁሉ አሁን የእኛ ኃላፊነት ይሆናል። ወንበሩን፣ መብራቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ ጸጥታውን ራሳችን ማሰናዳት አለብን።

ብዙ ሰው ከቤት ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ላፕቶፕ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በከተማው ዳር ሥራ የሚያስተጓጉሉት መብራት፣ ኔትወርክና የወገብ ሕመም ናቸው። ያለው ላፕቶፕ የሚሠራ ከሆነ ብሩ መጀመሪያ ወደ እነዚህ ሦስቱ ይሂድ። ከእነሱም ወንበርና ጠረጴዛው ይቅደም፣ ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ ኢንተርኔት።

1. ምንም ሳትገዙ ቤቱን አንድ ሳምንት አጥኑት

አንድ ደብተር ያዙ። መብራት ስንት ሰዓት ሄዶ ስንት ሰዓት መጣ? ጻፉት። በየትኛው ሰዓት አምፖሉ ይደክማል? እሱንም ጻፉ። ስልካችሁን ይዛችሁ ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለኩ። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪትና ብሎኬት ኔትወርክ ያዳክማል። እዚያው ቤት ውስጥ ሳሎን የማይሠራው ስልክ በረንዳ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ በደንብ ሊሠራ ይችላል። ፀሐይ ጠዋት በየት በኩል፣ ከሰዓት በየት በኩል እንደምትገባ እዩ። ጎን ያለው ግንባታ ፌሮ መቁረጥ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው? ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ፤ ጀሪካን መሙላት ከስብሰባ ጋር እንዳይጋጭ።

ይህ ደብተር ብዙ ብር ያድናል። መብራት የሚጠፋባችሁ ለአንድ ሰዓት ከሆነና ለሙሉ ቀን ከሆነ የምትገዙት ዕቃ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሳይለኩ የገዙት ዕቃ ወይ ያንሳል ወይ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

2. ጠረጴዛና ወንበር በልካችሁ ይሁን

ሜትር አምጡ። ቤት ውስጥ የምታደርጉትን ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ እግራችሁ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ሁለት ነገር ለኩ።

የመጀመሪያው ከወለሉ እስከ ጉልበታችሁ ጀርባ እጥፋት ድረስ ያለው ነው። የወንበሩ መቀመጫ ከፍታ ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ትከሻችሁን ዘና አድርጋችሁ ክንዳችሁን ስታጥፉ ከወለሉ እስከ ክርናችሁ ያለው ነው። እጃችሁ ኪቦርድ ላይ የሚያርፍበት ከፍታ ይህ መሆን አለበት።

ተሠርተው የሚሸጡ ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ይህ ለረጅም ሰው ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው እዚያ ላይ ሲጽፍ ሳያውቀው ትከሻውን ሰቅሎ ይውላል። ማታ አንገትና ትከሻ የሚቆጠቁጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ጠረጴዛው ካለ ወንበሩን በትራስ ከፍ አድርጉና እግራችሁ ሥር በርጩማ ወይም ጠንካራ ሳጥን አስገቡ። ገና የምታሠሩ ከሆነ ግን የሰፈሩ እንጨት ቤት ሄዳችሁ በራሳችሁ ሴንቲ ሜትር እዘዙ። ከላይ ቺፑድ፣ እግሩ ቱቦላሬ ብረት ቢሆን ዋጋውም አይከብድም፣ አይነቃነቅምም። ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር አይነስ። ባለሙያው «የተለመደው ልክ ይሻላል» ሊላችሁ ይችላል። በልካችሁ ጽኑ። ጠረጴዛው ላይ በየቀኑ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።

ወንበር ላይ መሰሰት አያዋጣም ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። አዲስ የቢሮ ወንበር ውድ ከሆነ ያገለገለ ፈልጉ። ስትገዙ ዝም ብላችሁ አትዩት፤ ተቀመጡበት። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከፍታ ማስተካከያው ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ተዉት። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አዙሩ። ስፖንጁን ተጫኑት፤ ሥሩ ያለው ጣውላ በእጃችሁ ከተሰማችሁ አልቋል ማለት ነው። መደገፊያው የታችኛውን ወገብ መንካት አለበት።

ለጊዜው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ብቻ ካላችሁም ይሆናል። መቀመጫው ላይ ጠንከር ያለ ትራስ፣ ወገብ ላይ ደግሞ የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ። ፎጣው ከቀበቶ በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይረፍ። ሶፋና አልጋ ግን ለሥራ አይሆኑም። ለአንድ ቀን ይመቻሉ፣ በወሩ ወገብ ይይዛሉ።

አሁን ላፕቶፑ። ላፕቶፕ ሲሠራ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲመች ሌላው አይመችም። ስለዚህ ላፕቶፑን በወፍራም መጻሕፍት ወይም በካርቶን ከፍ አድርጉት፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ይሁን። ከዚያ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ሰኩ። ከሁሉም ግዢ በአነስተኛ ብር ብዙ የሚለውጠው ይሄ ነው። ስክሪኑ የክንዳችሁን ርዝመት ያህል ይራቅ። ለቅርብና ለሩቅ የሚሆን ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ አገጫችሁን እያነሳችሁ ትውላላችሁ።

በየ20 ደቂቃው ዓይናችሁን ከስክሪኑ አንሱና 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። በዚህ እኛ የዳር ሰዎች ዕድለኞች ነን። ከቦሌ አራብሳ በኩል የረር ተራራ ይታያል፤ መሀል ከተማ ያለው ሰው የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ ተነሡ፤ ስልክ ስታወሩ ቆማችሁ አውሩ።

3. ብርሃን

መስኮቱ በጎናችሁ ይሁን። ፊት ለፊት ከሆነ ዓይን ይወጋል፣ ከጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። በቪዲዮ ስብሰባም መስኮት ከጀርባው ያለ ሰው ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። ለማታ ሥራ የጣሪያው አምፖል ብቻውን አይበቃም፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ መብራት አድርጉ። ባትሪ ውስጡ ያለው፣ መብራት ሲሄድ ራሱ የሚቀጥል ኤልኢዲ አምፖል በየኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው አለ። የሥራ ክፍላችሁ ውስጥ አንዱን ግጠሙ።

4. መብራት ሲሄድ

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ መብራት መጥፋት እንደሚቀር ጠብቆ ነበር። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉን እስከ ቤታችሁ የሚያደርሰው መስመርና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ግን ሌላ ነው። ነፋስና ዝናብ ሽቦ ሲበጥስ፣ ትራንስፎርመር ሲጨናነቅ ሰፈሩ ይጨልማል። ስለዚህ ዝግጅቱ አሁንም ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስሌቱን ሥሩ። ላፕቶፕ ሲሠራ ከ20 እስከ 40 ዋት ይወስዳል፤ ቻርጀሩ ላይ 65 ዋት ተጽፎ ቢሆንም ያ ከፍተኛው ነው። የዋይፋይ ራውተር 10 ዋት አካባቢ፣ ኤልኢዲ አምፖል ከ5 እስከ 9 ዋት። ሁሉም ተደምሮ ከ60 ዋት አያልፍም። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ግን 100 እና 200 ዋት ይደርሳል። ለዚህ ነው በእኛ ሰፈር ላፕቶፕ የምመክረው።

ከዚያ ደብተራችሁን ክፈቱ።

መብራት የሚጠፋው ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከሆነ የላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ይበቃል። የጎደለው ራውተሩ ነው። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይሸጣል፤ መጠኑ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ራውተሩን ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆያል። ስትገዙ የራውተራችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ራውተር 12 ቮልት ነው፣ አንዳንዱ 9። ከተምታታ ራውተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ግማሽ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ባንክ ጨምሩ። ላፕቶፑ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፓወር ባንኩም 45 ወይም 65 ዋት የሚያወጣ ይሁን። የስልኩ ዓይነት ላፕቶፕ አያነሳም። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተባለው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ 74 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ያሠራል ማለት ነው። በመሀል የሚባክን አለ፤ ላፕቶፑ ጋር የሚደርሰው 60 ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ባትሪው 50 ዋት ሰዓት የሆነ ላፕቶፕ አንዴ ሞላ ማለት ነው። 100,000 ተብሎ ተጽፎበት እንደ ስልክ የቀለለ ካያችሁ አትመኑት። ባትሪ ክብደት አለው።

ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ዕቃ) ያስፈልጋል። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። 600 ዋት ሰዓት ላፕቶፕ፣ ራውተርና አንድ አምፖል ሙሉ የሥራ ቀን ያውላል። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም። እሱ የተሠራው ሞተር በአንድ ጊዜ ለማስነሣት ነው፤ ቀስ እያለ ከተሟጠጠ ቶሎ ይሞታል። ቀስ ብሎ ለሚሟጠጥ አገልግሎት የተሠራውን፣ ለሶላር የሚሸጠውን ጠይቁ። የሊቲየሙ ዋጋ ከፍ ቢልም ዕድሜው ብዙ እጥፍ ነው። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ መኝታ ክፍል አታስቀምጡት፣ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን። ግቢና የራሳችሁ ጣሪያ ካላችሁ ሶላር ፓኔል አስቡ። በጋውን በደንብ ይሠራል፤ በክረምት ደመና ግን ያመነጭ ከነበረው በጣም ያነሰ ነው የሚሰጣችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ መጀመሪያ የሕንጻውን ኮሚቴ ጠይቁ። መስመር የሚዘረጋው ደግሞ ኤሌክትሪሻን ይሁን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ። ለዴስክቶፕ የሚሸጠው፣ 650 ቪኤ የሚል የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙ ሰዓት የሚያሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ያ አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓቱ እንድታጠፉ ነው።

ከመጥፋቱ ይልቅ ዕቃ የሚያቃጥለው አመጣጡ ነው። መስመራችን 220 ቮልት ነው ቢባልም መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ሊል ይችላል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ምሽት ላይ ደግሞ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ከ50 ላፕቶፕ በላይ ማለት ነው። ቮልቱ የሚዋዥቅበት ሰፈር ቮልቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር የግድ ነው። በራሳችሁም ቤት ምጣድና ኮምፒውተር ከአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ከቤተሰብ ጋር ተነጋግራችሁ ስብሰባ ከሌለበት ሰዓት ጋር አስማሙት። የቆጣሪ ካርድም ቀድማችሁ ሙሉ።

መብራቱ ሲጠፋ ጎረቤት ደውሎ ይሆናል ብላችሁ አትቀመጡ። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል 905 ነው። መጀመሪያ ግን ብሬከራችሁን እዩ።

5. ኢንተርኔት በሁለት መንገድ

በአንድ መስመር ብቻ መተማመን አይቻልም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለ። ሁለቱንም ሲም ያዙ። የትኛው ዋና፣ የትኛው መጠባበቂያ እንደሚሆን ማስታወቂያ አይነግራችሁም፤ የእናንተው ብሎክ ላይ የሚኖር ሰው ጠይቁ፣ ራሳችሁም በደብተራችሁ ለኩ። አንዱ ሕንጻ ላይ የሚፈጥነው ቀጥሎ ያለው ላይ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ፋይበር ሰፈራችሁ ደርሶ ከሆነ አስገቡ፤ ሞባይል ዳታው መጠባበቂያ ይሁን።

ራውተሩን ቁምሳጥን ላይ አትደብቁት። መሀል ቦታ፣ ከፍ ያለ ላይ ይቀመጥ። ራውተራችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት የዋይፋይ ሞገዶች ካሉት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ስትሆኑ 5ቱን፣ ግድግዳ በመሀል ሲኖር 2.4ቱን ተጠቀሙ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያሸንፈዋል።

የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት እስከ አንድ ጊጋባይት ተኩል ሊበላ ይችላል። በሞባይል ዳታ ላይ ስትሆኑ ካሜራውን አጥፉ፣ የኮምፒውተሩን አፕዴትም አስቁሙ። መብራት ሰፈሩን በሙሉ ሲለቀው የኔትወርክ ማማዎቹም በመጠባበቂያ ኃይል ነው የሚቆዩት። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ኔትወርኩ ይደክማል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ትልልቅ ፋይሎችን ወዲያው ላኩ፣ የሚያስፈልጋችሁንም አውርዱ።

6. ድምፅ

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ ክረምት ከባድ ነው። ዝናቡ ሲወርድ የራስን ድምፅ እንኳ መስማት አይቻልም። ኮርኒስ ከሌለ ኮርኒስ ማሠራት ለሙቀቱም ለድምፁም ይረዳል። እስከዚያው ማይክ አፍ አጠገብ የሚደርስ ሄድሴት ግዙ፤ የላፕቶፑ ማይክ የቆራሌውንም የውሻውንም ድምፅ እኩል ነው የሚያስተላልፈው። የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው፤ ከተቻለ ስብሰባ ጠዋት ይሁንላችሁ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ድምፅ ይውጣሉ።

7. ብርድ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የሲሚንቶ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ብርዱ ከእግር ነው የሚጀምረው። ወፍራም ካልሲ፣ እግር ሥር ምንጣፍ፣ ትከሻ ላይ ጋቢ፣ አጠገብ ሻይ የያዘ ፔርሙስ። ይህ ለአብዛኛው ቀን ይበቃል።

ከሰል አቀጣጥላችሁ በሩን ዘግታችሁ አትቀመጡ። የከሰል ጭስ ያለፈለት ፍም ሳይቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ራስ ምታትና ማጥወልወል ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ፣ ሰውም አስወጡ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከያዛችሁ ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ እንጂ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ፤ 2,000 ዋት ቀጭን ገመድ ያቀልጣል።

8. የቤት ሰውና ጎረቤት

ቤት የዋለ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ይህን በቁጣ ሳይሆን በግልጽ ንግግር ነው ማስተካከል የሚቻለው። ለቤተሰብ የሥራ ሰዓታችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። በሩ ሲዘጋ ስብሰባ ላይ ነኝ ማለት መሆኑን ልጆችም ይልመዱት። ቡና የምትጠራ ጎረቤትን «እትዬ፣ እስከ 11 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ሁለተኛው ላይ እደርሳለሁ» በሏት፤ ከዚያም በእርግጥ ሂዱ። ለቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ለአለቃችሁ ነግራችሁ ሂዱ።

ሥራው ደግሞ ወደ ሌሊት እንዳይገፋ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። ከቤት ስለሠራችሁ ሰዓቱ አይለጠጥም።

9. ከውጭ አገር ጋር የምትሠሩ ከሆነ

እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ ግን በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይቀይራሉ። ለንደን ከእኛ በበጋቸው 2፣ በክረምታቸው 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ኒውዮርክ 7 እና 8። ለንደን የሚቀይረው በማርች የመጨረሻ እሁድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው፤ አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር መጀመሪያ እሁድ። በእነዚያ ሳምንታት የስብሰባ ሰዓታችሁን ደግማችሁ አረጋግጡ፣ በካላንደሩም ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፉት። የኒውዮርክ ጠዋት 10 ሰዓት ስብሰባ በበጋቸው ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ የሚጥድበትና ቮልቱ የሚወርድበት ሰዓት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ባለበት ቀን ላፕቶፑንም ፓወር ባንኩንም 9 ሰዓት ላይ ሰኩና 11 ሳይሞላ ሞልተው ይጠብቋችሁ።